ባዶ ያልሆነችው የማስነሻ ፋይል

ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ
ቢሮ፣ ካንቺ ወንበር ትይዩ

ለልጄ እናት፣ ለኮዴም ለጠባዬም አራሚ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን። ይህቺን «ደህና ነን» ለጊዜው አትመኛት፤ እጄ ከልማዱ የጻፋት ናት። ምን ያህል ደህና እንደሆንን አንብበሽ ስትጨርሺ ራስሽ ትፈርጃለሽ።

በብዕር መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። በኮምፒውተር ጀምሬው ነበር። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፤ ደግሞ ጻፍኩ፣ ደግሞ አጠፋሁ። የማጥፊያዋ ቁልፍ እንደኔ ላለ ፈሪ ታስባ የተሠራች ናት። ወረቀት ግን የሰረዝሽበትን ሁሉ ይዞ ስለሚቆይ ሰው ትንሽ ይጠነቀቃል። ጨርሼ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ። የእጅ ጽሑፌን ማንበብ ካቃተሽ እናትሽን ጠይቂ፤ «የሐኪም ጽሑፍ ነው፣ ትምህርቱ ብቻ ነው የቀረበት» ይላሉ።

እሁድ በስልክ ያልሽኝን አልረሳሁም። ኩባንያው ቋሚ ውል ሰጥቶሻል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ እንድትፈርሚ ይፈልጋል። ከፈረምሽ ዓመታት እዚያው ባሕር ማዶ ነሽ። ቤተሰብ ለማምጣት የሚሰጠው ፈቃድ ደግሞ ልጅቷ ቁመቷ ካንቺ እስኪበልጥ አይደርስም። ቢደርስ እንኳ እናትሽ አውሮፕላን ቀርቶ ሊፍት ውስጥ አይገቡም። ይህን ሁሉ አስረዳሽኝና «አንተ ምን ትላለህ?» አልሽኝ። እኔም በታላቅ ጥበብ «አንቺ እንደመሰለሽ» አልኩሽ። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ «ሄሎ፣ ሄሎ» ስል «አለሁ» አልሽ። ከዚያ «በሉ ደህና ሁኑ» ብለሽ ዘጋሽው።

ስልኩን አስቀምጬ ኪሴን ዳበስኩ፤ ቁልፌን የጣልኩ ነበር የመሰለኝ። የጎደለው ቁልፍ አልነበረም። ከሄድሽ ጀምሮ ስልክ ልትዘጊ ስትይ «ምን ያስፈልጋችኋል?» ሳትይ ቀርተሽ አታውቂም። እኔም «ምንም» ሳልል ቀርቼ አላውቅም። እሁድ ሳትጠይቂ ዘጋሽው።

ወደዚህ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን የትናንቱን ጉድ ላውራሽ፤ ያንቺም እጅ ስላለበት።

የሆስፒታሉን አሮጌ ሰርቨር በአዲስ የምንተካበት ቀን እንደደረሰ ነግሬሽ ነበር። ሥራው ቅዳሜና እሁድ ተሠርቶ አለቀ። የሠራው «ቶሎ» ነው። አዎ፣ አሁንም ቶሎ ነው የምንለው። እናቱ ያወጡለትን ስም የደመወዝ ክፍሉ ካልሆነ በቀር የሚያስታውሰው የለም። ሰውየው አልተለወጠም፤ ሻይ ሳይበርድለት ይጠጣና ምላሱ ተቃጥሎ ግማሽ ቀን በእጁ ያወራል። ሰኞ ጠዋት ስገባ እግሩን ሰቅሎ ተቀምጧል። ጃኬቱን የሰቀለው ያንቺ ወንበር ላይ ነው። አንስቼ ሰጠሁት። በዚህ ጉዳይ ላይ ሁልጊዜ እንዲሁ እናደርጋለን፤ ተነጋግረንበት አናውቅም።

«አለቀ» አለኝ። «ሁሉም ተጭኗል፤ አንድም ስህተት አላሳየኝም።»

ወንበሬን ሳልስብ ስልኩ ጮኸ። የላብራቶሪዋ ኃላፊ ናት። ድምጿን ታውቂዋለሽ፤ ስልኩን ከጆሮሽ አርቀሽ ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጪው ነው በደንብ የሚሰማው።

«የደም መመርመሪያ ማሽኑ ይሠራል» አለች። «ይፈጫል፣ ያፏጫል፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ኮምፒውተሬ ላይ ግን አንድም ውጤት የለም። የት ነው የሚልከው? ለጎረቤት?»

«አንዴ እንየው—»

«እያያችሁት ልምጣ» ብላ ዘጋችው።

መጣችም። ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች በራችን ላይ ቆመች። ሠራተኞቿ ውጤቱን ከማሽኑ ትንሽ ስክሪን ላይ እያዩ በእጅ እየገለበጡ ነው። ሐኪሞቹ ደግሞ በእጅ የተገለበጠ ቁጥር አንቀበልም ብለዋል። ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ይህን ሁሉ ሳትተነፍስ ተናገረችና ወንበር ፈለገች። ያንቺን ሳብ አድርጌ ሰጠኋት። ለሷ ሲሆን ደንቡ አይሠራም።

የስህተት መዝገቡን ከፈትን። ያቺ አንቺ የጻፍሻት ቅጥያ፣ ከደም ማሽኑ ጋር የምትነጋገረው ትንሽ ፕሮግራም፣ አንድ ስም እየጠራች አቤት የሚላት አጥታ ቆማለች። መዝገቡ የሚለው ይህንኑ ነው፤ «ያልታወቀ ስም»። ደጋግማ ጠርታለች። ገጹ ሙሉ ነው።

«በሰው ቋንቋ» አለች ኃላፊዋ።

እንግዲህ በሰው ቋንቋ ለማስረዳት ሞከርኩ። ብትሰሚኝ ታርሚኝ ነበር፤ የምታርሚኝ አንቺ ስላልነበርሽ በነጻነት ተሳሳትኩ። «ዋናው ፕሮግራም ሁሉንም ሥራ ራሱ አይችልም» አልኳት። «አንድ ችሎታ ሲያስፈልገው እየሠራ ሳለ ከውጭ ቅጥያ ይጠራል። ቅጥያዋ ስትመጣ ዝም ብሎ አያስገባትም። ከጎኗ አንዲት ትንሽ ፋይል መኖሯን ያያል፤ የማስነሻ ፋይል እንላታለን። 'ይህቺ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ምን ሊቀርብላት ይገባል?' ለሚለው መልሱ እዚያ ነው የሚጻፈው።»

«መልሱስ ምንድነው?»

«አብዛኛውን ጊዜ ምንም። ፋይሏ ባዶ ናት።»

«ባዶ ከሆነች ምን አደከማችሁ? ለምን ትሠሯታላችሁ?»

«እኛ አይደለንም የምንሠራት። ለዚሁ የተሠራች ፕሮግራም አለች። እያንዳንዷን ቅጥያ 'ምን ያስፈልግሻል?' ብላ ትጠይቃለች። ምንም የማያስፈልጋት ከሆነ ባዶ ፋይል ትሠራላታለች፤ የሚያስፈልጋት ካለ ትጽፍላታለች።»

ኃላፊዋ ወደ ቶሎ ዞረች። «ታዲያ ቅዳሜ ስትጠይቅ ምን ተባለች?»

ቶሎ ጉሮሮውን ጠረገ። መጥፎ ምልክት ነው፤ እሱ ለጉሮሮው ጊዜ የሚሰጥ ሰው አይደለም።

«አላስነሳኋትም» አለ።

«ምን?»

«ጠያቂዋን አላስነሳኋትም። እዚህ ከገባሁ ጀምሮ ከፍቼ ያየሁት የማስነሻ ፋይል ሁሉ ባዶ ነው። ባዶ ፋይል ለመሥራት ምን መጠያየቅ አለው ብዬ... በአንድ ትእዛዝ ለሁሉም ባዶ ባዶ ሠራሁላቸው። ፈጣን ነበር።»

«ፈጣን» አለች ኃላፊዋ። ቃሏን እንደ ደም ናሙና ብርሃን ላይ ይዛ ያየቻት መሰለኝ።

አሮጌውን ሰርቨር አስነስቼ ያንቺን ቅጥያ የማስነሻ ፋይል ከፈትኩ። ባዶ አልነበረችም። ከሁሉም መሐል እሷ ብቻ። የማሽኑ አምራቾች የሰጡንን የኮድ ጥቅል አስቀድማችሁ ጫኑ ትላለች፤ ያ የጠፋው ስም ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ቅጥያዋ ወደተጻፈችበት ማህደር ስሄድ ደግሞ ጠያቂዋ እንድታነበው ብለሽ ያስቀመጥሻትን አጭር ማስታወሻ አገኘኋት። ከላይዋ ላይ ኮምፒውተሩ የማያነበው፣ ለሰው የተጻፈ መስመር አለ፦

«ይህን ሳትጭኑ ብትቀጥሉ አትሠራም። አዎ፣ አንተን ነው።»

ደግሜ ደጋግሜ አነበብኳት። ቶሎ «አገኘኸው?» አለኝ። «አገኘሁት» አልኩት። ያገኘሁት ግን ሌላ ነገር ነበር። አንቺ ስትቆጪኝ ከሰማሁ ቆይቷል። በስልክ እንደ እንግዳ ነው የምታናግሪኝ፤ ትሁት ሆነሻል። በጤናሽ ነው?

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ጠያቂዋን አዲሱ ሰርቨር ላይ አስነሳኋት፤ ሁሉንም ቅጥያ እየዞረች ጠየቀች፤ ለሁሉም ባዶ፣ ላንቺዋ ብቻ ሙሉ ፋይል ሠራች። ፕሮግራሙን ዘግቼ ከፈትኩት። ኃላፊዋ ስልኳን አውጥታ ወደ ላብራቶሪው ደወለች። ከመስመሩ ወዲያ ማዶ የሆነ ሰው ጮኸ፤ የደስታ ነው። የተጠራቀመው ውጤት እንደተከፈተ ቧንቧ መጣ።

ኃላፊዋ ልትወጣ ተነሳች። ወንበሩን አየችው።

«የሷ ናት አይደል ያቺ ቅጥያ?»

«የሷ ናት።»

«መቼ ነው የምትመጣው?»

«እንግዲህ ሥራዋ እንደሚሆን...» አልኩ። ለአንቺ «እንደመሰለሽ» ያልኩሽን ለሷ በሌላ ቃል መድገሜ ነው።

«አልጠየቅካትም እንዴ?» ብላ ወጣች። ሰዎች ሲወጡ የሚተዉት ጥያቄ ለምን እንደሚብስ አይገባኝም።

ቶሎ ሁለት ሻይ ይዞ መጣ፤ የይቅርታ መሆኑ ነው። እኔም አለቃው ስላልሆንኩ የመቆጣት ግዴታ የለብኝም፤ ተቀበልኩት። «እሺ አጥፍቻለሁ» አለ። «ግን አስበው እስቲ። በጠየቅከው ቁጥር ምንም የሚልህ ከሆነ፣ አንተስ ብትሆን መጠየቅህን አትተውም?»

ስለ ፋይል ነው የሚያወራው። ከፋይል ውጭ የሚያወራው ነገር የለውም። እኔ ግን ሻዬን ሳልቀምስ አስቀመጥኩት።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወደ ቤት እስክደርስ በረሳሁት ነበር፤ የመርሳት ችሎታዬን አትንቂው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የልጅሽ መምህር ደወሉ። ለካ «ዳኛዋ» ሰሌዳው አይታያትም። ከጎኗ ከተቀመጠችው ልጅ ደብተር ላይ እየገለበጠች ነው የምትማረው።

«እንዴት ነቁባት?» አልኳቸው።

«የልጅቷንም ስህተት ሁሉ አብራ ትገለብጣለች» አሉኝ። «አንድም አትዘልም፤ በጣም ጥንቁቅ ናት።»

በዚህ እንኳ ያንቺ ልጅ ናት።

ቤት ስገባ መሬት ላይ ተቀምጣ መጽሐፍ ታነባለች። አፍንጫዋ ገጹን ሊነካ ምንም አልቀረውም። እኔ ይህን በየቀኑ አይቼዋለሁ። ምን ብዬ እንደተረዳሁት ታውቂያለሽ? ንባብ ወዳድ ሆነች፣ በእኔ ወጣች እያልኩ ስኮራ ነበር።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ከመቼ ጀምሮ ነው ሰሌዳው የማይታይሽ?»

«ቆይቷል።»

«እናትሽ በደወለች ቁጥር ምን ያስፈልግሻል ትልሽ የለም እንዴ? ምንድነው የምትያት?»

«ምንም።»

«ለምን?»

በጣም ቀላል ጥያቄ የተጠየቀች ሰው አስተያየት አየችኝ። «አንተም ምንም ነው የምትላት።»

እናትሽ ከሶፋው ላይ ሆነው «ልጅቷን ምን ያናግርሃል፣ እራቱን አሙቅ» አሉ፤ ወገን ለይተው መሆኑ ነው፤ የማንን ወገን እንደሆነ ግን አልገባኝም። ዳኛዋ መጽሐፏን ዘጋች።

«እሁድ ግን ልነግራት ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«መነጽር። ምን ያስፈልግሻል ስትለኝ መነጽር ልላት አስቤ ነበር። ሳትጠይቀኝ ዘጋችው።»

አንቺን እየከሰሰችሽ አይደለም። ልጅሽ ስትከስና ስትፈርድ ድምጿ ይታወቃል፤ ቅጽል ስሟንም ያገኘችው በዚያ ነው። ይህንን ግን የአውቶቡስ ሰዓት እንደምትነግረኝ አድርጋ ነው የነገረችኝ። ተነስቼ ወደ ኩሽና ሄድኩና እራት አሞቅኩ። የሞቀውን እንደገና አሞቅኩት።

ነገ ሐኪም ዘንድ እወስዳታለሁ። የመነጽሩን ፍሬም ራሷ መርጣለች፤ ቀይ ነው። እስከዚያው ፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች። አትጨነቂ ልልሽ ነበር፤ ግን ይህም ከ«ምንም» ቤተሰብ ስለሆነ አልልሽም። ተጨነቂ። ትንሽ ከእኛ ጋር ተጨነቂ።

እናትሽ ደግሞ ጉልበታቸው ብሶባቸዋል። ደረጃውን የሚወጡት ግድግዳውን ተደግፈው ነው። ስልክ ስትደውዪ ግን ድምፃቸውን የሃያ ዓመት ያደርጉና «ምንም አልሆንኩም» ይሉሻል፤ ከዚያ ወደኔ ዞረው «እንዳትነግራት» ይላሉ። ይኸው ነገርኩሽ። አትንገሪያቸው።

የኔን ደግሞ ስሚኝ።

አዲስ መጽሐፍ ገዝቻለሁ፤ ወፍራም ነው። አንቺ እያለሽ መጽሐፍ ገዝቼ ስገባ መጀመሪያ የምታነቢው የመጨረሻውን ገጽ ነበር፤ ከዚያ እራት ላይ ማን እንደሚሞት ትነግሪኛለሽ። ስንት ተጣላንበት! አሁን መጨረሻውን የሚነግረኝ የለም። በፈለግኩት ፍጥነት፣ በጸጥታ፣ ማን እንደሚሞት ሳላውቅ አነባለሁ። የተመኘሁት ሰላም ይኸው ነበር። ሃምሳ ገጽ ያህል አንብቤ ተውኩት። ማንም የማይነግረኝ ከሆነ ሰዎቹ ቢሞቱስ ለማን ብዬ ነው የማዝነው?

ምሳ ሰዓት ላይ ሌላው ሲወጣ ያንቺን ኮድ እከፍታለሁ። የሚስተካከል ነገር ኖሮ አይደለም፤ ኮድሽ ከሁላችንም ንጹህ ነው፤ ይህንን ፊት ለፊት ተናግሬ አላውቅም። የምከፍተው ለሰው የጻፍሻቸውን መስመሮች ላነብ ነው። «እዚህ ጋ አትንካ።» «ከነካህ ደግሞ ወደ ቤት እንዳትመጣ።» «ይህ ለምን እንደሚሠራ እኔም አላውቅም፤ ተመስገን በል።» ሰዎች የሚወዱትን ሰው ፎቶ ያያሉ። እኔ ተግሣጽሽን አነባለሁ። ሚስቱ ስትቆጣው ለመስማት ኮምፒውተር የሚከፍት ባል በዓለም ላይ ምን ያህል እንደሆነ እንጃ፤ ማኅበር ብናቋቁም እኔ ጸሐፊ እሆናለሁ።

አሁን ወደ ውሉ።

ሥራሽን እንደምትወጂው አውቃለሁ። ስለ ቡድንሽ ስታወሪ ድምፅሽ ይፈጥናል፤ እዚህ እያለሽ እንደዚያ የሚፈጥነው ስትናደጂ ብቻ ነበር። እዚያ የሚገባሽን ክብር አግኝተሻል። እዚህ የሚጠብቅሽ ቶሎ ነው፣ ጃኬቱ ነው፣ ሰርቨር ነው። ቦታሽ እስካሁን ለማንም አልተሰጠም፤ ደግነት እንዳይመስልሽ፣ ቅጥር ለማጽደቅ የሚፈጀውን ጊዜ ታውቂዋለሽ። ይህንን ሁሉ ሳመዛዝን ነው «እንደመሰለሽ» ያልኩሽ። ሸክም ላለመሆን ነው፤ እስከ እሁድ ድረስ ለኔ ፍቅር ማለት ይህ ነበር። አንቺ ደግሞ በዚያ በኩል ሆነሽ በየሳምንቱ፣ በየወሩ፣ በየዓመቱ «ምንም» የሚል ቤት እየሰማሽ፣ የማታስፈልጊበት ቤት ነው ብለሽ ደምድመሽ ሊሆን ይችላል። ማን ይፈርድብሻል? ለጠየቅሽው የተሰጠሽ መልስ እሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ይህን አውቀሽ ወስኚ እላለሁ። ልጅሽ መነጽር ያስፈልጋታል፣ እሱን እኔ እገዛላታለሁ። መነጽሩን አድርጋ መጀመሪያ ማየት የምትፈልገው ግን ሰሌዳውን አይደለም፤ ጠይቄያታለሁ። እናትሽ የሚደገፉት ግድግዳ ቀዝቃዛ ነው ይላሉ። እኔም በመጨረሻው ገጽ ላይ ማን እንደሚሞት የሚነግረኝ ሰው ያስፈልገኛል፣ በሕይወት ያለ፣ እራት ላይ፣ ከትይዩ።

አትፈርሚ ማለቴ አይደለም።

ነው። አትፈርሚ ማለቴ ነው። ነይ።

ይህንን አንብበሽ ብትፈርሚም አልቀየምሽም። ትንሽ እቀየም ይሆናል፤ ይህንንም እንዳልደብቅሽ። ብትፈርሚም ባትፈርሚም ግን እሁድ ስትደውዪ ጠይቂን። ሁላችንንም በየተራ ጠይቂን። ዳኛዋ ከፊት ተሰልፋለች።

እጅሽ የነካው ሁሉ ይስመር። በየሄድሽበት የሚያከብርሽ አትጪ፤ ከዚያም በላይ የሚቆጣሽና የምትቆጪው ሰው አትጪ። ፈጣሪ መንገዱን ያቃናልሽ፤ ወደየት የሚወስደውን መንገድ እንደሆነ ለሱም ነግሬዋለሁ።

ብዙ የሚያስፈልገው
ባልሽ